ድንጋዬ ቀድሞኝ ቤት ገባ

ጡረታ የወጣ ሹፌር ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ያየ ሰው ካለ ያዝንልኛል፤ ያላየ ደግሞ ባለቤቴን የሺን ይጠይቃት። ሰባት ዓመት ረዳት ሆኜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደግሞ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር አውቶብስ ስነዳ፣ ብዙውን ሌሊት ጎንደር እያደርኩ ኖሬ፣ ዓይኔ ሲደክም መሪውን አስረክቤ ደባርቅ ቤቴ ገባሁ። ገባሁ ልበል እንጂ መቀመጡን አላወቅሁበትም። ጎህ ሳይቀድ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነሳለሁ፣ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኝና ጫማዬን እንዳደረግሁ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። የሺ "ተኛ እንጂ" ስትለኝ "ሞተሩ ይሙቅ ብዬ ነው" እላታለሁ።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነበር። በርጩማዬን ደጃፍ አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን ማስተናገድ ጀመርኩ። እንጨት የጫነ አህያ ከቀኝ፣ ባጃጅ ከግራ ሲመጣ ቅድሚያው የማን እንደሆነ ከተቀመጥኩበት እፈርዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ከባጃጆቹ ይልቅ አህዮቹ ይሰሙኝ ነበር። አንድ ቀን ማጀት ገብቼ፣ የሺ ሽንኩርት ስትከትፍ "ትንሽ ወደ ግራ ያዢው" ብላት ቢላዋውን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አንተ ሰው፣" አለችኝ፤ "ሠላሳ ስምንት ዓመት መቼ ትመጣለህ እያልኩ ጠበቅሁህ። አሁን ደግሞ መቼ ትወጣለህ እያልኩ ልጠብቅህ ነው።"

እኔ እንደ ቀልድ ሰማሁት። ሹፌር ብዙ ነገር እንደ ቀልድ ይሰማል፤ ካልሆነ የተሳፋሪውን እርግማን ሁሉ እንዴት ይችለዋል።

የቁርባኑን ነገር ያነሳችው በዚያው ሰሞን ነው። እኔና የሺ የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጋባነው በሽማግሌ፣ በሰማንያ ነው። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። የእድሜ እኩዮቿ ከባሎቻቸው ጋር እየቆረቡ ነጭ ለብሰው ሲያልፉ በአጥር ታያቸዋለች። አንድ ማታ እራት ከበላን በኋላ "ከእንግዲህ ምን ቀረን? አንተ ከመሪው ወርደሃል። ቆርበን የቀረችንን ዕድሜ በአንድ ላይ እንኑራት" አለችኝ።

ፈራሁ። ለእኔ ቁርባን ማለት ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ዕቃው ሁሉ ተራግፎ የሚደረስበት የመጨረሻ ፌርማታ ነበር። ግን ሌላ መሄጃም አልነበረኝም። እሺ አልኳት።

የነፍስ አባታችን ቄስ ፈንታሁን ከበኩር ልጄ በሦስት ዓመት ያንሳሉ። ለንስሐ ፊታቸው ስቀርብ "ልጄ" አሉኝ። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዘወር አልኩ። ማንም አልነበረም። ጾምና ጸሎት አዘዙኝ፣ ስግደትም ጨመሩበት። ጾሙን ቻልኩት፤ መንገድ ላይ ሆኖ ምሳ የሚዘል ሰው ጾም አይከብደውም። ስግደቱ ግን ከጉልበቴ ጋር አጣላኝ። ያ ጉልበት ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬንና ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ነው። ስወርድ በአንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ፤ ስነሳ ግን ያለ ገፊ አልነሳም። ገፊዋም የሺ ነበረች።

ቀኖናውን ከጨረስኩ በኋላ ቄስ ፈንታሁን ሁለታችንንም አስጠርተው ዋናውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"የተጣሉት ሰው አለ?"

"የለም አባ፤ እኔ ከማንም ጋር..."

ከጎኔ የሺ ሳለች። ጉንፋን አልያዛትም ነበር።

እንደዚህ ነው የእርቅ ጉዞዬ የተጀመረው። ከጎረቤቴ ከአቶ ማሩ ጋር በአጥር ላይ በቆመ ባሕር ዛፍ ተኮራርፈን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ አንድ ጠዋት ሄጄ ጉልበቱን ስስም አነሳኝና ተላቀስን፤ ባሕር ዛፉ እንዳለ ቆሟል። ቀጥዬ ወደ አንድ መካኒክ ሄድኩ። "የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሰድቤህ ነበርና ይቅር በለኝ" ስለው ትዝ አላለውም። ቃል በቃል ሳስታውሰው እንደ አዲስ ተቀየመ። እርቁ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

"ጨረስኩ" ብዬ ቤት ስገባ የሺ ሽሮ እየነፋች ነበር። ቀና ሳትል "የዳባቱ ሰውዬስ?" አለችኝ።

ሳቅሁ። ያ ጠብ ሳይሆን ከሁሉ የምወደው ጨዋታዬ ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስወጣ ኮሶዬ ላይ ለአምስት ደቂቃ አቆምኩ። ሰው ሁሉ ወርዶ ተናፍሶ ተመለሰ። አንድ አዲስ ጋቢ የለበሰ ሰው ግን ለሽንት ወርዶ፣ ጨዋ ነውና ሰው እንዳያየው ራቅ፣ አሁንም ራቅ አለ። ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋሁ። አልመጣም፤ ነዳሁ። በመስታወት ሳይ ሰውየው በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ጋቢውን ይዞ ሲሮጥ፣ ጋቢው ደግሞ እንደ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ሊበርበት ሲል አየሁ። አውቶብሱ ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ሰውየው ዳባት መናኸሪያ መጥቶ፣ የመስኮቴን መስታወት በመዳፉ መታና "የእጅህን ይስጥህ" አለኝ። ስሙ ተገኘ መሆኑን ያኔ ሰማሁ። ተገኘ የሚባል ሰው መጥፋቱ ደግሞ ለጨዋታው ማጣፈጫ ሆነልኝ። በየጠላ ቤቱ ሳወራው በየዓመቱ ሩጫው ይረዝማል፣ ጋቢው ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ሰውየው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሮጦ ይደርስ ነበር።

ይህንኑ ለቄስ ፈንታሁን በእጄ ጭምር እያሳየሁ አወራሁላቸው። አልሳቁም።

"ወዴት ሲሄድ ነበር?" አሉኝ።

"ወደ ዳባት ነዋ አባ።"

"ዳባት ምን ሊያደርግ?"

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። "ሄደው ይጠይቁት" አሉኝ።

በማግስቱ ዳባት ወርጄ ቤቱን አፈላልጌ አገኘሁ። በሩን አንኳኩቼ "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ከውስጥ ኮቴ ቀረበና ከበሩ ኋላ ቆመ።

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለ የወንድ ድምፅ። "ሹፌሩ ነህ።"

"ነኝ አቶ ተገኘ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ሂድ ወደመጣህበት" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ለምጃለሁ። መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁና ተመለስኩ።

የሺ ይህን ስነግራት "ድንጋይ ተሸክመህ ሂዳ፤ ባዶ ትከሻ ይዘህ ሄደህ ማን ይቅር ይልሃል" አለችኝ። በሀገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከተበዳይ እግር ስር ወድቆ ይለምናል። ተበዳይ "አውርደው" ካለ ታረቁ ማለት ነው። እኔም ትዕቢት ይሁን ትሕትና ዛሬም አላውቀውም፣ ከወንዙ ዳር ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ አንድ ልጅ የሚያህል ድንጋይ መርጬ መጣሁ። የሺ አይታው "የምትታረቀው ከአንድ ሰው ጋር ነው ወይስ ከዳባት ወረዳ?" አለች። ግን አነስ ያለውን ለመፈለግ ድጋሚ መውረድ ጉልበቴ አልፈቀደም።

በነጋታው ከረፋዱ ላይ ድንጋዬን አቅፌ ሚኒባስ ገባሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ድንጋዩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ለወፍጮ ይበጃል፤ መጁንስ ከየት ልታገኝ ነው?" አሉኝ። ለእርቅ ነው ብል መኪናው ሙሉ ታሪኬን ሊጠይቀኝ ነው፤ "መጁ ዳባት ነው ያለው" ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ከዚያ ሾፌሩን ማረም ጀመርኩ። "ቀንስ"፣ "ኩርባው ይጠብቃል"፣ "ማርሽ ለውጥ" እላለሁ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ዝም ብሎ ይነዳል። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የሺ ማጀት ውስጥ ያየችኝ አስተያየት ነው።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ሾፌሩ ጎማ ለማየት ቆመ። የሽማግሌ ፊኛ ደግሞ የቆመ መኪና ሲያይ አይችልም። ድንጋዬን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። አጠገቡ እንዳልሆን ሴቶች አሉ፤ ራቅ አልኩ። ቁጥቋጦው ሳሳብኝና ትንሽ ደግሞ ራቅ አልኩ። እዚያው እያለሁ የበር መዘጋት ሰማሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ትርጉሙን ማንም አይነግረኝም። በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ የምለው ለወግ ያህል ነው። ሚኒባሱ ኩርባውን ዞረ፤ ክላክስ እንኳን አልነፋልኝም። በኋላ እንደሰማሁት ረዳቱ ወንበሬ ላይ ድንጋዩን አይቶ ቦታው የተያዘ መስሎታል።

ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ረጥቦ ጠፋ። መኪና ሲመጣ እጄን አነሳለሁ፤ የሞላው ስለሞላ፣ ባዶው በፍጥነት ያልፈኛል። አንዱማ ክላክስ እየነፋ ጭቃ ረጨኝና አለፈ፤ እኔም አንድ ጊዜ እንደዚህ አድርጌ ስለማውቅ ልቆጣው አልቻልኩም። ዝናቡ ሲብስ ከአንድ የገበሬ ጎተራ ጥግ ተጠለልኩ፤ ሲያባራ ተነስቼ ሄድኩ። ያን የምወደውን ጨዋታዬን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውቶብሱ ኋላ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ሲያዩት አያስቅም። ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ቀርቶ ነው ያለው፣ በቃ። እየሄድኩ "ጌታዬ፣ ዳባት አድርሰኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅህም" አልኩ። ስግደቱ ላይ እንኳን እንደዚያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ጉልበቴ ያመኛል፤ ግን ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ አላወቅሁም።

ከቀትር በኋላ ጭቃ ለብሼ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ የአቶ ተገኘን በር አንኳኳሁ። በሩ ተከፈተ። ፊቱን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንደኔው ፀጉሩ ነጥቷል። የምወድቅበት እግሩን አየሁ፤ ትከሻዬን ስዳስስ ባዶ ነው።

"ድንጋይ ይዤ ነበር" አልኩት። "መኪናው ይዞት ሄደ። ለሽንት ወርጄ ጥሎኝ ሄደ።"

አፍጥጦ አየኝ። ሳቅ መጣበት መሰለኝ፤ ግን አልሳቀም። "ግባ፣ ብርድ ይገድልሃል" አለኝና የራሱን ጋቢ አውልቆ ደረበልኝ። ምድጃው ዳር አስቀመጠኝ። ሚስቱ ትኩስ ሾርባ በቅል አምጥተው ሰጡኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ያኔ ቄስ ፈንታሁን ጠይቅ ያሉኝን ጠየቅሁት።

"ያን ቀን ወዴት ነበር የምትሄደው?"

እሳቱን ቆሰቆሰ። "እናቴ ማታ ሞታ በጠዋት ተላከብኝ" አለ። "ጎንደር ነበር የምሠራው። ያንተን አውቶብስ ያዝኩ። መቼም ሬሳ አያቆዩም፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቁኛል ብዬ ነበር። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። ፊቷን አላየሁም።" ቀጠለና "ይህንንስ እችለው ነበር። የኮሶዬውን ሩጫ በየደረሱበት የሚያወሩልኝን ግን አልቻልኩትም" አለ።

ሾርባውን መሬት አስቀመጥኩ። ጨዋታዬን ካወራሁባቸው ጠላ ቤቶች ስንቱን ዞሬ እመልሰዋለሁ?

"ይቅር በለኝ" ብቻ አልኩት።

"እኔን አይደለም፤ እሷን ጠይቃት" አለኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ዝናቡ አባርቷል። ከቅጥሩ ጥግ፣ ከአንድ ወይራ ስር መቃብሯን አሳየኝ። ተንበረከክሁ፤ በስሟ ጠራኋት፣ ስሟን እዚያው ነበር የነገረኝ። "ወይዘሮ አበበች፣ ልጅዎትን ያስቀረሁብዎት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ በላይ ያልኩትን ለእሷ ብቻ ልተወው። ከጨረስኩ በኋላ ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። ሞከርኩ፤ እምቢ። በእጄ መሬት ደግፌ ሞከርኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ይቅር እስክትልህ አትነሳም መሰለኝ" አለ ተገኘ ከኋላዬ።

"ጉልበቴ ነው" አልኩት። "ፍሪሲዮን ጎድቶት ነው።"

ያኔ ሳቀ። ሃያ ዓመት የቆየ ሳቅ ይመስል ነበር፣ እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። በብብቴ ስር ገብቶ እንደ ሕፃን አነሳኝ። ሲያነሳኝ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም ብዬሃለሁ" አለ። ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን፤ እየተንገዳገድን ተደጋግፈን ቆምን። ድንጋይ ሳልሸከም ሄጄ ከባድ ነገር አወረድኩ።

እንደዚህ ረጥበህ ብቻህን አልሸኝህም ብሎ አብሮኝ ወደ ደባርቅ ተሳፈረ። አሁን እስቲ ወደ ድንጋዬ እንመለስ፤ እሱ በዚያን ቀን ከኔ የበለጠ ተጉዟል።

ሚኒባሱ ዳባት ሲደርስ ድንጋዩ አለ፤ እኔ የለሁም። ረዳቱ ደነገጠ። ሲመለሱ እየፈለጉኝ መጡ፤ እኔ ያኔ ጎተራው ጥግ ተጠልያለሁ፤ አላዩኝም። ረዳቱ ደግ ሰው ነውና የሰው ንብረት አይጠፋም ብሎ ሰው ጠያይቆ ድንጋዬን ደባርቅ ቤቴ ድረስ አምጥቶ የሺ እግር ስር አስቀመጠላት። "እማማ፣ ድንጋዩ ይኸው፤ ሰውየውን ግን አላገኘናቸውም" አላት። እሷ ደጋግማ ስልኬን ሞከረች፤ ዝግ ነው። ከጎረቤት አንዷ መጣች፣ ሁለቷ መጡ። ወሬው ገበያ ሲደርስ ሚኒባሱ ገደል ገባ ሆነ። ከገበያ ሲመለስ ድንጋዩ ብቻ ተረፈ ሆነ።

እኔና ተገኘ አመሻሹ ላይ ከመናኸሪያ በእግር ስንመጣ ደጄ በሰው ተሞልቷል። የእድሩ ድንኳን ግማሹ ቆሟል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ካስማ ይመታል።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ሹፌሩ" አለ ቀና ሳይል።

"የቱ ሹፌር?"

"የዚህ ቤቱ ነዋ። ነፍሱን ይማረው፣ እንኳን ታረቅን" አለና ቀና ሲል አቶ ማሩ ነበር፣ ባለ ባሕር ዛፉ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ሴቶቹ ደረታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሰው ለራሱ ልቅሶ ሲደርስ የሚባል ነገር እንዳለ እስካሁን አልሰማሁም።

ተገኘ ከጎኔ ቆሞ ድንኳኑን አየ፣ እኔን አየ። "ዛሬስ ሳይቀበር ደረስኩ" አለ በቀስታ።

የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የገባኝም እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ድንኳኑን አወረዱ፤ ለልቅሶ የመጣውን ንፍሮ ቆሎ አስመስለን በላነው። ተገኘ ከእኛ ዘንድ አደረ።

የሺ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ተገኘን ሸኝቼ ስመለስ፣ ቁርባኑ እየቀረበ ነውና እንደ ደንቡ ልጨርስ ብዬ "የሺ፣ አንቺም ይቅር በይኝ" አልኳት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" ትላለች፣ እኔም ጋቢዬን ለማሳጠብ እሰጣታለሁ።

"ተቀመጥ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

"ትናንት ያን ድንጋይ ሲያመጡልኝ አላለቀስኩም" አለች። "ሰዎቹ ናቸው ያለቀሱት። እኔ ለምጄዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ዕቃህ ይመጣል፣ አንተ አትመጣም። ሥጋ ትልካለህ፣ እህል ትልካለህ። ሦስተኛዋን ስወልድ በሩን በሩን አይ ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንተ መሰልከኝ። የመኪና ድምፅ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚቆመው ብቻ ነው። ያን ሌሊት አንድም አልቆመም። አባቴን የቀበርኩ ቀንም አንድም አልቆመም።"

"ሥራ ነበር" የምትል ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ይህችን ቃል ሕይወቴን ሙሉ እንደ መለዋወጫ ጎማ ይዣት ዞሬአለሁ። ዋጥኳት። የሺ እስከ ምሽት ተናገረች። ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ሳትቆጣ፣ ሰው ሸማ እንደሚያጥፍ እያጠፈች አስቀመጠችልኝ። ሁለት ጊዜ "እንዲህ አልነበረም" ልል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቴም የዳባቱ ሰው ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

"አላወቅሁም" አልኳት።

"አልጠየቅህም ነበር" አለች። ቀጥላ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም እልሃለሁ፤ ግን ቀስ እያልኩ ነው" አለችኝ።

"ቀስ በይ" አልኳት።

ለቁርባኑ ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። በዚያ ሦስት ሳምንት ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ድንኳኑን ካወረዱት ሴቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ብርቱካን የሚባሉ ባል የሞተባቸው፣ "ልጄ ካኮረፈኝ ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ያናግሩልኝ፣ ማስታረቅ ያውቁበታል" ብለው መጡ። እኔ የማውቀው መጣላት ነው። ለተገኘ ደወልኩለት። ከዳባት መጣ፤ ልጁ ዘንድ አብረን ሄድን። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ልጁ ተናግሮ ተናግሮ ሲደክም አለቀሰ። ማታ ከእናቱ ጋር እራት በሉ። ይህን የሰሙ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ከአምባ ጊዮርጊስ ላኩብን፤ ሄድን። ዛሬ ሠፈሩ ውስጥ የተኳረፈ ሰው ሲኖር "ሹፌሮቹን ጥሩ" ይላሉ፤ ተገኘ በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም።

ቄስ ፈንታሁን ይህን ሰምተው "እግዚአብሔር በስተርጅና ሥራ ሰጠዎት" አሉኝ። "ጡረታዬስ?" አልኳቸው። ፈገግ አሉ። በመጽሐፋቸው ሽማግሌ ሰው እንደሚጠራ እንጂ እንደሚያርፍ የተጻፈ አይመስለኝም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን አጥልቄ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ትቻለሁ። መጀመሪያ እቆምና አባታችን ሆይ እላለሁ። ይቅርታ የሚጠየቅባት ቦታ ላይ ስደርስ ቀስ እላለሁ፤ ድሮ እሷን በአራተኛ ማርሽ ነበር የማልፋት።

የቁርባኑ እሑድ ደረሰ። ነጭ ለብሰን፣ ከሰው መሐል ተራችንን ጠብቀን ተቀበልን። እፈራው የነበረው የመጨረሻ ፌርማታ እንደዚያ አልነበረም። እንዴት እንደነበረ ልጽፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ብዕር አነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ ተውኩት። እንባዬ ግን ይመጣ ነበር፣ እኔ ሳልጠራው።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ሁለታችንም በነጠላችን ጫፍ አፋችንን ሸፍነናል። የሺ ክንዴን ያዘችኝ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አንድ የማውቀው ሾፌር ሚኒባሱን አቁሞ በሩን ከፈተ። "ጋሼ ግቡ፣ ደጃችሁ ላድርሳችሁ" አለን። እግሬ በልማዱ ተነሳ። የሺ ክንዴን አጥብቃ ያዘችና ራሷን በመነቅነቅ "አይሆንም" አለች። አፌ ተሸፍኗልና ልከራከር አልቻልኩም። ሾፌሩም ገብቶት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደልንና ሄደ።

በእግራችን ሄድን። ከስሜን ተራሮች ብርዱ ይወርዳል፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። ያን መንገድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ነድቼበታለሁ፤ በግራው በኩል የአጥር ጽጌረዳ እንዳለ ያን ጠዋት ነው ያየሁት። ጉልበቴ ሲያመኝ ትቆማለች። እግሯ ሲደክማት እቆማለሁ።

ደጃችን ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ሁለታችንም ቆመን አየነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ያን በር ተዘግቶ ሁለታችንም ከውጭ ሆነን ያየንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁልጊዜ አንዳችን ከውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር፤ ይኸውም ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ከፈትኩና ከበሩ ዘወር አልኩላት። የሺ ቀድማ ገባች።